የአስፐን ክሎን ዕድሜ በሚውቴሽን ይታወቃል ወይ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ኮሎራዶ ውስጥ በደን ሳይንስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። እዚህ ሮኪ ተራሮች ላይ አስፐን የሚባለው ዛፍ ከሥሩ እየተባዛ ጎን ለጎን ያሉትን ተዳፋቶች ይሸፍናል። ዩታ ውስጥ ያለው ፓንዶ የሚባል የአስፐን ክሎን 80,000 ዓመት እንደሞላው፣ ዕድሜውም የታወቀው ሚውቴሽኖቹ ተቆጥረው እንደሆነ አነበብሁ። እኔም ለመመረቂያ ጽሑፌ 12 ክሎኖች መርጬ፣ ከእያንዳንዱ 5 ቅጠል ወስጄ፣ ሚውቴሽናቸውን ቆጥሬ ዕድሜያቸውን ላወጣ አስቤአለሁ። ሰፊ ቦታ የያዘው ክሎን በዕድሜም የሚበልጥ ይመስለኛል። ያልገባኝ ነገር፣ ክሎን ማለት አንድ ዓይነት ዲ ኤን ኤ ያለው ከሆነ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ዘዴውስ አገር ቤት ለእንሰት ይሠራል? ያለኝ ገንዘብ ለ60 ናሙና ብቻ ነው።»

ምላሽ፦ ግራ ካጋባህ ነገር ልጀምር፤ እሱ ሳይጠራ ሌላው አይጠራምና። ክሎን ማለት ፊደል በፊደል አንድ የሆነ ዲ ኤን ኤ ያለው የዛፍ ስብስብ ነው የሚለው ትርጓሜ ለመማሪያ መግቢያ ይበቃል፤ ለምርምር ግን ያሳስታል። ክሎን ከአንዲት ዘር ተነሥቶ፣ ከዚያ ወዲህ የወንድና የሴት ዘር ሳይገናኝበት በቡቃያ ብቻ የተባዛ ሐረግ ነው። በዚህ ሐረግ ውስጥ ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ዲ ኤን ኤው ይገለበጣል። ሲገለበጥ ስሕተት ይገባበታል፤ አንዳንዴም ሳይገለበጥ ተጎድቶ ሲጠገን ይሳሳታል። ይህ በአካል ሕዋስ ውስጥ የሚፈጠር ስሕተት ሶማቲክ ሚውቴሽን ይባላል። ስለዚህ በአንድ ክሎን ውስጥ ያሉ ግንዶች እጅግ የሚመሳሰሉ ግን ፍጹም አንድ ያልሆኑ ናቸው። አንተ ልታጠናው የምትፈልገውም ይህንኑ ትንሽ ልዩነት ነው።

የብራና መጻሕፍት የሚያጠኑ ሊቃውንት የሚሠሩትን አስብ። አንድ ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ቃል ቢዘል፣ ከእሱ ቅጂ የሚገለብጡት ሁሉ ያችኑ ግድፈት ተሸክመው ይሄዳሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ አሥር ብራና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚመረምር ሰው፣ የትኛው ከየትኛው እንደተቀዳ የሚያውቀው በጋራ በያዟቸው ግድፈቶች ነው። በዛፍ ላይ የምንሠራው ሥራም ይኸው ነው፤ ሁለት ግንዶች ሦስተኛው የሌለውን ሚውቴሽን በጋራ ከያዙ፣ ሦስተኛው ከተለየ በኋላ አብረው የቆዩ ናቸው። ይህን ምሳሌ በአእምሮህ ያዘው። ዘዴው የት ድረስ እንደሚሄድና የት እንደሚቆምም ያሳይሃል።

ዘዴው በእርግጥ እንደሚሠራ ከሚያሳዩት ጥናቶች እኔ የምወደው በአውስትራሊያ አንድ ባሕር ዛፍ ላይ የተሠራው ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ያለው ይህ ዛፍ የሚታወቀው፣ ነፍሳት ሌላውን ቅጠል ሁሉ ሲበሉ አንደኛው ቅርንጫፉ ሳይነካ በመትረፉ ነበር። ተመራማሪዎች ከ8 ቅርንጫፎች፣ ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ናሙና ወስደው ጂኖሙን፣ ማለትም ሙሉ ዲ ኤን ኤውን፣ አነበቡ። በሚውቴሽኖቹ ብቻ የሣሉት ሐረግ ዛፉ ላይ በዓይን ከሚታየው የቅርንጫፍ አከፋፈል ጋር ገጠመ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ፤ የተገኙት አስተማማኝ ሚውቴሽኖችም 90 ያህል ናቸው። ሦስት ሦስት ናሙና መውሰዳቸውን ልብ በል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ስሕተቱ እንዴት ከአንድ ሕዋስ ተነሥቶ ግንድ እንደሚሞላ እንይ። ዛፍ የሚያድገው ከጫፉ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ያሉት እናት ሕዋሳት በንብርብር የተቀመጡ ናቸው፤ የላይኛው ንብርብር ልጆች የቅጠሉን ቆዳ ይሠራሉ፣ የውስጠኞቹ ሥጋውን። በአንደኛው ንብርብር የገባ ሚውቴሽን እዚያው ንብርብር ውስጥ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። አንድ ቅጠል ስትፈጭ ሁሉንም ንብርብር በአንድ ላይ ስለምትፈጭ፣ ሚውቴሽኑ በከፊል ብቻ ይታይሃል። አስፐን ላይ ግን አንድ ለእኛ የሚመች ነገር አለ፤ የሥር ቡቃያ የሚነሣው ከሥሩ ቅርፊት በታች ካሉ ጥቂት ሕዋሳት ነው። በዚያች ጠባብ በር ሲያልፍ በእናቲቱ ሥር ውስጥ እንደ ዥንጉርጉር የነበረው ሚውቴሽን ብዙውን ጊዜ ወይ ይጠፋል፣ ወይ የአዲሱን ግንድ ሕዋሳት ሁሉ ይይዛል። በዚህ ምክንያት በግንድና በግንድ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ዛፍ ሁለት ቅርንጫፎች መካከል ካለው ይልቅ ጥርት ብሎ ይነበባል።

በቁጥር ላስረዳህ። ዲፕሎይድ በሆነ፣ ማለትም እያንዳንዱን ክሮሞሶም በጥንድ በያዘ ዛፍ፣ ሚውቴሽኑ በሁሉም ሕዋስ ውስጥ ካለ፣ ዲ ኤን ኤ የሚያነብበው ማሽን ያንን ቦታ ደጋግሞ ሲያነብ ከንባቦችህ ግማሽ ያህሉ አዲሱን ፊደል ያሳያሉ። በአንድ ንብርብር ብቻ ከቀረ ድርሻው ከዚያ በጣም ያንሳል። በምዕራብ አሜሪካ ደረቅ አካባቢዎች ግን ሦስት ሦስት ክሮሞሶም የያዘ ትሪፕሎይድ አስፐን ብዙ ነው፤ ፓንዶ ራሱ ትሪፕሎይድ ነው። እዚያ ሙሉ ሚውቴሽን የሚታየው በሲሶው ንባብ ብቻ ነው። ይህን ሳያውቅ የዲፕሎይድ መለኪያ የሚጠቀም ሰው ትክክለኛውን ሚውቴሽን እንደ ስሕተት ይጥለዋል፤ ወይም በተቃራኒው። የምትመርጣቸው ክሎኖች ስንት ስንት ክሮሞሶም እንዳላቸው በሕዋስ ውስጥ ያለውን የዲ ኤን ኤ መጠን በሚለካው በፍሎው ሳይቶሜትሪ ሳታረጋግጥ አንድም ናሙና ለንባብ እንዳትልክ።

ሚውቴሽን ምን ያህል ቶሎ ይከማቻል? ብዙ ሰው ከሚገምተው በጣም ቀስ ብሎ። ላውዛን፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ የናፖሊዮን ኦክ የሚባል የ234 ዓመት ዛፍ አለ። ከታችኛውና ከላይኛው ቅርንጫፉ ተወስዶ ሲነበብ የተገኙት አስተማማኝ የፊደል ለውጦች 17 ብቻ ነበሩ፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የአስፐን የቅርብ ዘመድ በሆነው በጥቁር ኮተንውድ ፖፕላር ላይ በ2020 የታተመው ግምት ደግሞ በ10 ቢሊዮን ፊደል በዓመት 1.3 ያህል ነው። የፖፕላር ጂኖም ወደ 400 ሚሊዮን ፊደል ይጠጋል፤ ሁለቱ ቅጂ 800 ሚሊዮን። አባዛው፤ በአንድ የሕዋስ መሥመር ላይ በ10 ዓመት አንድ ሚውቴሽን አካባቢ ይመጣል። ከ500 ዓመት በፊት የተለያዩ ሁለት ግንዶች እያንዳንዳቸው 50፣ በድምሩ 100 ያህል ልዩነት ይኖራቸዋል ብለህ መጠበቅ ትችላለህ። ያ ደግሞ የጂኖሙን ሁሉንም ክፍል በደንብ ካነበብህ ነው።

እነዚያን 100 ፊደሎች ስትፈልግ ማሽኑ ራሱ ይሳሳታል። 400 ሚሊዮን ፊደል እያንዳንዱን 30 ጊዜ ብታነብ 12 ቢሊዮን ንባብ ነው። ከ1,000 አንዱ ብቻ ቢሳሳት 12 ሚሊዮን የሐሰት ፊደል በእጅህ ገባ ማለት ነው። አብዛኛውን ማጣሪያው ያስወግደዋል፤ የሚተርፈው ግን ከእውነተኛው ሊበልጥ ይችላል። ለዚህ ከማንኛውም ሶፍትዌር በላይ የማምነው መድኃኒት ከአንድ ግንድ ሁለት ቅጠል ወስዶ፣ ዲ ኤን ኤውን ለየብቻ አውጥቶ፣ ለየብቻ ማስነበብ ነው። በሁለቱም የታየውን ትይዛለህ፣ በአንዱ ብቻ የታየውን ትጥላለህ። ባሕር ዛፉ ላይ ሦስት ሦስት ናሙና የወሰዱትም ለዚሁ ነው። እኔ ራሴ በአንድ የመስክ ወቅት የሁለት ከረጢቶች መለያ ቁጥር አቀያይሬ፣ በተዳፋቱ ግርጌ ያለ ግንድ ከጫፉ ካለው ጋር የቅርብ ወንድም መስሎ ወጣ። ያወቅሁት ሁለተኛዎቹ ቅጠሎች ሌላ ቦታ ስለተቀመጡ ብቻ ነው። ድጋሚ ናሙና ባይኖረኝ ያንን ውጤት እውነት ብዬ እጽፈው ነበር።

በየዓመቱ ይቆጠራል ወይስ በየእድገቱ የሚለውም ጥያቄ ያንተን ስሌት ይነካዋል። በኢንዶኔዥያ ቦርኔዮ ደን ውስጥ ሾሪያ የሚባለው ዛፍ ሁለት ዝርያዎች፣ አንዱ ቀስ ብሎ አንዱ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ጎን ለጎን ተጠንተዋል። ቀስ ብሎ የሚያድገው በአንድ ሜትር ዕድገት የበለጠ ሚውቴሽን ነበረው፤ በዓመት ሲሰላ ግን ሁለቱ ተቀራረቡ። ይህ ሚውቴሽኑ ከዕድገት ይልቅ ከጊዜ ጋር እንደሚሄድ ያመለክታል፤ ለአንተ መልካም ዜና ነው። ይሁን እንጂ እነዚያ የተጠኑት የግንድና የቅርንጫፍ መሥመሮች ናቸው። በአፈር ውስጥ ለዘመናት የሚሄድ የአስፐን ሥር በዚያው ፍጥነት ይሄዳል ብለህ ያለ ማረጋገጫ አትውሰድ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሚውቴሽን ቆጠራ የሚነግርህ ዛሬ በእጅህ ያሉት ግንዶች የጋራ እናታቸውን መቼ እንደተለዩ ነው። ዘሩ መሬት የነካበትን ዘመን አይነግርህም። ወደ ብራናው ተመለስ። አንድ ገዳም ውስጥ 40 ቅጂ ነበር እንበል፤ ቃጠሎ ተነሥቶ አንድ ብቻ ተረፈ፤ ዛሬ ያሉት ሁሉ ከእሱ የተቀዱ ናቸው። ከቃጠሎው በፊት የነበሩት ግድፈቶች በሁሉም ቅጂ ውስጥ ስላሉ ግድፈት መሆናቸውን ማንም አያውቅም፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ይመስላሉ። አስፐንም እንዲሁ ነው። በእርግጥ አስፐን ከእሳት በኋላ ነው በብዛት የሚበቅለው፤ ላይኛው አካል ሲሞት ወደ ሥሩ ይወርድ የነበረው ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ስለሚቋረጥ ሥሩ ቡቃያ ያፈነዳል። ነገር ግን በሽታ፣ ድርቅ ወይም የዱር እንስሳት ግጦሽ የክሎኑን አብዛኛውን ክፍል አጥፍቶ አንድ ጥግ ብቻ ቢተርፍና ያ ጥግ እንደገና ቢስፋፋ፣ የ5,000 ዓመት ክሎን ሚውቴሽኑ ሲቆጠር የ300 ዓመት ሊመስል ይችላል። የቆጠራው ውጤት የዕድሜ ዝቅተኛ ወለል ነው፤ ከዚያ በላይ ምን ያህል እንደሚሄድ ሚውቴሽኑ ብቻውን አያውቅም።

ከዚሁ ጋር ሦስት ዕድሜዎችን አታደባልቅ። የግንዱ ዕድሜ በቀለበት ይቆጠራል፤ የአስፐን ግንድ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ዓመት ይቆያል፣ ልቡ ስለሚበሰብስም ቀለበቱን መቁጠር ያስቸግራል። የግንዶቹ የመለያየት ዘመን በሚውቴሽን ይገመታል። የክሎኑ ልደት ግን የዘሩ ልደት ነው፤ ለእሱ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በሐይቅ ደለል ውስጥ የተከማቸ የአበባ ዱቄት ወይም የበረዶ ግግር ከቦታው የሸሸበት ዘመን።

ስለ ፓንዶ ያነበብኸውን በዚህ መነጽር እይ። ፓንዶ ዩታ ውስጥ በፊሽሌክ ብሔራዊ ደን ይገኛል፤ 43 ሄክታር ያህል ይሸፍናል፣ ግንዶቹም 47,000 ገደማ ናቸው። በርተን ባርንስና ጄሪ ኬምፐርማን በ1970ዎቹ አንድ ክሎን መሆኑን የለዩት በቅጠሉና በቅርፊቱ መልክ ነበር፤ በጂን መረጃ የተረጋገጠው በ2008 ነው። በ2024 የተሰራጨው ጥናት ወደ 4,000 የሚጠጉ ሶማቲክ ለውጦች አግኝቶ ዕድሜውን ከ16,000 እስከ 80,000 ዓመት መካከል ገመተ። ይህን ልዩነት ልብ በለው፤ አምስት እጥፍ ነው። ልዩነቱ የመጣው ተመራማሪዎቹ ስለተዝረከረኩ አይደለም፤ ከጂኖሙ የተነበበው ከፊሉ ስለሆነ፣ ከተገኙት ለውጦች ምን ያህሉ እውነተኛ እንደሆኑና ስንቱ ሳይታይ እንዳለፈ በተለያየ ግምት ስላሰሉት ነው፤ ያንንም በግልጽ አስቀምጠዋል። «80,000» የሚለውን ብቻ ነጥሎ የወሰደው አንተ ያነበብኸው ዜና ነው። በመመረቂያ ጽሑፍህ ፓንዶን ከጠቀስህ ሁለቱንም ጫፍ ጻፍ፣ የግምቱንም ምክንያት።

ከዕድሜው ይልቅ እኔን የሳበኝ የዚያ ጥናት ሌላ ውጤት ነው። ጎረቤት ግንዶች በሚውቴሽን ይመሳሰላሉ፤ ሆኖም መመሳሰሉ ከተጠበቀው ይልቅ ደካማ ነው። አንተ በካርታ ላይ ስታየው ክሎን እንደ ዘይት ጠብታ ከመሃል ወደ ዳር የሚሰፋ ይመስላል፤ የዳሩ ወጣት፣ የመሃሉ አሮጌ። መሬት ውስጥ ያለው ሥር ግን እንዲህ አይሄድም። ይጠማዘዛል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የሞተውን ጎረቤት ቦታ ይወርሳል። ሁለት ሜትር ተራርቀው የቆሙ ግንዶች ከተለያዩ ሺህ ዓመት ሊሆናቸው ይችላል።

ስለዚህም «ሰፊው አሮጌ ነው» የሚለው ግምትህ አይቆምም። ይህን ጥያቄ ዲላራ አሊ፣ ከርሚት ሪትላንድና ሳራ ኦቶ በካናዳ አስፐኖች ላይ በ2008 በቀጥታ መርምረውታል። የተጠቀሙት ማይክሮሳተላይት ነው፤ በጂኖሙ ውስጥ እንደ «ሲኤሲኤሲኤ» ያለ አጭር ተደጋጋሚ ቃል ሲገለበጥ አንድ ድግግሞሽ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፣ ይህም ከተራ የፊደል ለውጥ በጣም ቶሎ ይከሰታል። ውጤታቸው የክሎኑ ስፋት የዕድሜው አስተማማኝ መለኪያ እንዳልሆነ አሳየ። ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እርጥብ ሜዳ ያገኘ ክሎን በጥቂት መቶ ዓመት ይሰፋል፣ በድንጋያማ ተዳፋት የታፈነ ደግሞ ሺህ ዓመት ቆይቶ ሩብ ሄክታር ላይ ይቀራል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ሌላ ሥራ በሚውቴሽን ቆጠራ አሮጌ ሆነው የተገኙ ክሎኖች የወንዴ ፍሬያማነታቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ዘዴው ከዕድሜ ቁጥር የበለጠ ጥያቄ ሊመልስ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ማይክሮሳተላይትን ለአንተ የምመክረው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የክሎኑን ድንበር ለመለየት። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ለዘር ሐረግ ግን አንዴ የጨመረው ድግግሞሽ ተመልሶ ስለሚቀንስ፣ ሁለት የማይገናኙ መሥመሮች አንድ መስለው ይወጣሉ።

እንግዲህ ዕቅድህ። 12 ክሎን በ5 ናሙና አትሥራው። አምስት ቅጠል የአንድን ክሎን ታሪክ አያወጣም፤ ድጋሚ ከሌለው ደግሞ ከሐሰት ሚውቴሽን የሚለይበት መንገድ የለም። መጨረሻ ላይ 12 ቁጥር ይኖርሃል፣ አንዱንም መከላከል አትችልም። ሁለት ክሎን ብቻ ውሰድ፤ ሁለቱም ዲፕሎይድ ይሁኑ፤ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ቢሆን የስፋቱን ጥያቄም ትነካለህ። ከእያንዳንዱ 12 ግንድ፣ ከእያንዳንዱ ግንድ ለየብቻ የተዘጋጀ ሁለት ናሙና፤ ለአንድ ክሎን 24። ከ60ው ለእያንዳንዱ ክሎን 30 ስለሚደርሰው፣ በየክሎኑ የቀሩት 6 ለመለኪያ ናቸው፤ በክሎኑ ውስጥ ልቡ ያልበሰበሰ አንድ አሮጌ ግንድ ፈልገህ፣ ከሦስት ቅርንጫፎቹ ሁለት ሁለት ናሙና ውሰድ፣ ቅርንጫፎቹ የተለያዩበትን ዓመት በቀለበት ቁጠር። የምታገኘው ሚውቴሽን ጥቂት ይሆናል፤ ሆኖም በራስህ ዛፍ፣ በራስህ ማሽን፣ በራስህ ማጣሪያ የተገኘ ፍጥነት ነው። ከሌላ ዝርያ በተዋሰ ፍጥነት ዓመት ማስላት ሰዓትህን በሰው አገር ሰዓት እንደመሙላት ነው። ባሕር ሣር ላይ የሠሩት ሰዎች መሥመሩን ያሳዩን በዚህ መንገድ ነው፤ ተተክሎ ያደገበት ዘመን በሚታወቅ ክሎን መጀመሪያ ፍጥነቱን ለኩ፣ ከዚያ ነው በሰሜን አውሮፓ ከ1,400 ዓመት በላይ የሆነው ክሎን አለ ያሉት።

የክሎኑን ድንበር በሴፕቴምበር መጨረሻ በዓይንህ ያዝ። በአንድ ተዳፋት ላይ አንደኛው ጉብታ ወርቅ ሲመስል አጠገቡ ያለው ገና አረንጓዴ ይሆናል፤ በአንድ ክሎን ውስጥ ያሉት ግንዶች በአንድ ጊዜ ነው ቀለም የሚለውጡት። ያንን በካርታ አስፍረህ ከእያንዳንዱ ጥቂት ግንድ በማይክሮሳተላይት አረጋግጥ። የንባብ ቅጠል ግን በጁን፣ ገና ለጋ ሳለ ሰብስብ፤ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ወዲያው አድርቅ። ቅጠሉ ላይ ብርማ ጠመዝማዛ መሥመር ካየህ ተወው፤ በቅጠሉ ቆዳ ውስጥ የምትኖር ትል ናት፣ የእሷን ዲ ኤን ኤ ጨምረህ ነው የምታነበው። ሁለቱን ድጋሚዎች በተለያየ ከረጢት፣ በተለያየ ሣጥን አስቀምጥ።

የጽሑፍህን ርእስም ለውጥ። «ዕድሜ» የሚለውን አውጣና የክሎኑን የውስጥ ሐረግና የመስፋፋት አቅጣጫ አጥና። በመጨረሻ ዓመት መጻፍ ከፈለግህ «ቢያንስ ይህን ያህል» ብለህ ከላይና ከታች ወሰኑ ጋር ጻፍ።

እንሰት ዛፍ አይደለም፤ ዘዴው ግን ከአስፐን ይልቅ ለእንሰት ሊቀል ይችላል። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሀዲያ፣ በከፋ ያሉ ገበሬዎች እናቲቱን እንሰት ቆርጠው፣ የአሚቾዋን የመሃል ጫፍ ፈልፍለው በአፈር ሲቀብሯት ብዙ ችግኝ በአንድ ጊዜ ይወጣል። አብዛኛው እንሰት አበባ ሳያወጣ ስለሚቆረጥ፣ ጓሮ ውስጥ ያለው በስም የሚጠራ ዓይነት ብዙውን ጊዜ የረጅም ዘመን ክሎን ነው። ለአስፐን በብዙ ድካም የምንፈልገው የመለያየት ዓመት እዚያ በሰው ትዝታ ውስጥ አለ፤ ይህች ከእናቴ ቤት የመጣች ናት፣ በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው የተከልናት ይሉሃል። ግን አንድ ስም ያላቸው ሁለት እንሰቶች ሁልጊዜ አንድ ክሎን አይደሉም፤ ሁለት ስም ያላቸውም አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ ያንን በማይክሮሳተላይት ለይ። ከዚያ ችግኝ የተሰጣጡ፣ ዓመቱንም የሚያስታውሱ ሁለት ጎረቤት ጓሮዎች ፈልግና ፍጥነቱን ከእነሱ ለካ።